አስቸጋሪ አሮጌ መኪና፤ ማደስ ወይስ መሸጥ?

በከተማችን አሮጌ አውቶሞቢል ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ዐይነት ክርክር ያውቃል። መኪናዪቱ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ተገፍታ ጋራዥ ትገባለች፤ ባለቤቷም እስከዚያ ቀን ያወጣውን ገንዘብ ቆጥሮ «ከእንግዲህስ አላድሳትም፤ ትሸጥ!» ይላል። በሳምንቱ ተጠግና ስትሄድ ግን ቁጣው ይረሳል፤ ነገሩም እስከሚቀጥለው ብልሽት ድረስ ይተኛል። እንዲህ ሆኖ ውሳኔው አንድ ጊዜ በንዴት፣ ሌላ ጊዜ በመርሳት ሲንከባለል ይኖራል። የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ በሒሳብና በማስተዋል የሚወሰንበትን መንገድ መግለጽ ነው። ምሳሌ አድርጌ የወሰድኋት የአጎቴን መኪና ነው፤ ከአንድ መኪና ብዙ መማር እንደሚቻል አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

1. ስለ መኪናዪቱና ስለ ሥራዋ

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የገዟት መኪና ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ይህ ዐይነት ኮሮላ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ነው። ሞተሯ «4ኬ» የሚባለው፣ ስፋቱ 1,290 ሲሲ የሆነ፣ በካርቡራቶር የሚሠራ ነው፤ የሞተሩ አካል ከብረት፣ ቴስታታው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መኪናዪቱ ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። የአጎቴ ባለቤት በቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ለአምስት ሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። እንጀራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ መድረስ አለበት። መኪናዪቱ አንድ ቀን ስትቀር የሚጎዳው የጋራዡ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ባለሱቁ ከሌላ ሰው ተቀብሎ ይውላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተደጋገመ ደንበኛው ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንደኛው ምግብ ቤት በዚሁ ምክንያት ቀርቷል።

በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አያያዝ ስንማር እያንዳንዱን ወጪ በዕለቱ መጻፍ ግዴታችን ነበር። ከዚያ በቀረልኝ ልማድ የአጎቴን ደረሰኞች ሰብስቤ የአንድ ዓመቱን ታሪክ በደብተር አሰፈርሁ። መኪናዪቱ በዓመቱ 11 ጊዜ ጋራዥ ገብታለች። ከነዚህ ውስጥ 5ቱ ከሞተር ሙቀት የተነሡ ናቸው፤ 2ቱ ባትሪና ካንዴላ፣ 1ዱ ፍሬን፣ የቀሩት 3ቱ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። አጎቴ ደብተሩን አይተው ዝም አሉ። እሳቸው ዐሥራ አንድ ልዩ ልዩ ብልሽት የመሰላቸው ነገር እኩሌታው ያህል አንድ በሽታ ሆኖ ተገኘ።

2. በሽታውን ሳያውቁ ስለ መድኀኒቱ አለመነጋገር

አንዲትን መኪና «አታስተማምንም» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንደባልቃለን።

ሀ. የሚያልቁ ዕቃዎች። ባትሪ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ በማንኛውም መኪና፣ በአዲሱም ጭምር፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው ያልቃሉ። እነዚህ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ሲያልቁ ባለቤቱ «መኪናዬ ሞተች» ይላል። ግን በሽታ አይደሉም፤ ልክ እንደ ጫማ ማለቅ ናቸው።

ለ. እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ብልሽት። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የታደሰው ምልክቱ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሳይነካ ቀርቷል። የአጎቴ መኪና ጉዳይ ይህ ነበር።

ሐ. የአካል ጉዳት። ወለሉና የጎማ ማሰሪያው አካባቢ በዝገት ከተበላ፣ ወይም መኪናዪቱ በአደጋ ተጣምማ በብየዳ ብቻ ከተያያዘች፣ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። እንዲህ ያለችውን መኪና በርካሽ መያዝ ትርፍ አይባልም።

ስለ ሁለተኛው ዐይነት ጥቂት ማብራራት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች፣ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ እንዳይሆን የራዲያተሩ ክዳን በስፕሪንጉ አማካይነት ግፊት ይይዛል፤ ግፊት ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል። ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ውሃው ይጎድላል። ባለቤቱ ደግሞ ተራ የቧንቧ ውሃ እየጨመረ ሲሄድ ከውሃው የሚቀረው ዝቃጭ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናቸዋል፤ ሙቀቱም ይብስበታል። በመጨረሻ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ከብረቱ አካል በበለጠ በሙቀት ስለሚለጠጥ ይጣመማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል።

በአጎቴ መኪና ላይ ጓርኒሲዮኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። የተጣመመው ቴስታታ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ገጹ ተልጎ አልተስተካከለም፤ ራዲያተሩም አልተጠረገም። ምክንያቱን አንዱን መካኒክ ብጠይቀው «ባለቤቱ ለነገ ጠዋት ትድረስልኝ ስላሉ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እንጀራው መድረስ ስለነበረበት ጥገናው ሁልጊዜ የአንድ ሌሊት ጥገና ነበር።

መኪና የሌለው ሰውም ቢሆን ሊያነባቸው የሚችላቸው ምልክቶች አሉ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ይናገራል፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያልተስተካከለ ካርቡራቶር ይህን ያመጣል፤ ይህም በቀላሉ ይታረማል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ግን ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ለመሆኑ ምልክት ነው። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ቢገኝበት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

3. በአገራችን ውሳኔው ለምን ይከብዳል?

በሌሎች ብዙ አገሮች አሮጌ መኪና በየዓመቱ ዋጋዋ እየወረደ ሄዶ በመጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች። ስለዚህ ባለቤቷ ብዙ አይቸገርም። በእኛ አገር ግን ያረጀች መኪና ዋጋዋን ይዛ ትኖራለች፤ በብር ሲቆጠርማ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቶቹ ብዙዎች ናቸው። በመኪና ላይ የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ ከፍተኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ እጅግ የበለጠ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር በብዙ ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ተወደደ።

ከዚህ የተነሣ ሰው መኪናውን በሁለት ዐይን ያያታል። በአንድ ዐይኑ መጓጓዣ ናት፤ በሁለተኛው ዐይኑ ጥሪት ናት፤ እንደ ወርቅ ወይም እንደ ከብት። የውሳኔው ችግር ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። «ዋጋዋ እየጨመረ ነው» የሚለው አሳብ ለጥሪቷ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ጠዋት እንጀራውን ታደርሳለች ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ጥሪት ናት ተብላ የማትሠራ መኪና ስትያዝ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ይደርሳል።

4. አራቱ መንገዶች

ባለቤቱ በፊቱ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው አቁሞ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም መወሰንን ያስቀራል። ነገር ግን የቆመች መኪና አትቆጥብም። ባትሪዋ ይሞታል፤ ጎማዋ በአንድ ወገን ይጫናል፣ ይሰነጠቃል፤ በካርቡራቶሩ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ፍሬኑ ይዝጋል። ከስድስት ወር በኋላ የምትሸጠው መኪና ከስድስት ወር በፊት የነበረችው አይደለችም።

ሁለተኛው ፈቶ በየዕቃው መሸጥ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራን ያየ ሰው የመኪና ዕቃ ምን ያህል ፈላጊ እንዳለው ያውቃል። ይህ መንገድ የሚጠቅመው አካሏ ለተጎዳ፣ ሞተሯና ካምቢዮዋ ግን ደኅና ለሆነ መኪና ነው። የአጎቴ መኪና ተቃራኒዋ ነበረች፤ አካሏ ደኅና፣ ሞተሯ የታመመ።

ሦስተኛው ከሥሩ አድሶ መያዝ ነው። አራተኛው እንዳለች መሸጥ ነው። እውነተኛው ክርክር ያለው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

5. ሒሳቡ

የመኪና ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር ከመቁጠር ይልቅ በክፍል ብንቆጥር ይሻላል። መኪናዪቱ እንዳለች የምትሸጥበትን ዋጋ 100 ክፍል እንበለው። የሚከተሉት ቁጥሮች አሳቡን ለማሳየት የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው በነዚሁ ስፍራዎች የራሱን ቁጥር ያግባ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያለፈው ወጪ ከሒሳቡ ይውጣ። አጎቴ ባለፈው ዓመት ለሙቀቱ ብቻ 30 ክፍል አውጥተዋል እንበል። «ይህን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እሸጣታለሁ?» ማለት ይቀናቸው ነበር፤ በተናደዱ ቀን ደግሞ «ይህን ሁሉ አውጥቼባት እንዴት እይዛታለሁ?» ይሉ ነበር። አንድ ምክንያት ለሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች የሚያገለግል ከሆነ፣ ለአንዱም እንደማያገለግል ግልጽ ነው። የወጣው ወጥቷል፤ የሚመረጠው የሚመጣው ዓመት ብቻ ነው።

አድሶ ለመያዝ፦ ቴስታታውን ለማስላግ፣ ራዲያተሩን ለማስጠረግና የውሃውን ፖምፓ ለመለወጥ 25 ክፍል፤ ለሚያልቁ ዕቃዎች 12፤ ለቤንዚን፣ በሕግ ግዴታ ለሆነው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ 13፤ በጠቅላላው 50 ክፍል ይወጣል። በዓመቱ መጨረሻ መኪናዪቱ 105 ክፍል ታወጣለች እንበል። ዛሬ ባለመሸጣችን የምንተወውን 100 ስንጨምርበት 150 ይሆናል፤ ከዚህ 105 ሲቀነስ የዓመቱ እውነተኛ ዋጋ 45 ክፍል ነው።

ሸጦ በኪራይ ለመሥራት፦ እንጀራውን ጠዋት ጠዋት የሚያደርስ ባለመኪና በወር 3 ክፍል ቢጠይቅ፣ የዓመቱ 36 ይሆናል። በእጅ የሚገባው 100 ክፍል ግን ባንክ ተኝቶ የዋጋ ንረት እንዳይበላው ወዲያው ሥራ ላይ መዋል አለበት፤ ያለዚያ ሒሳቡ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይታያል። አድሶ ለመሸጥ ማሰብ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። 25 ክፍል የወጣባት መኪና በማግሥቱ 115 ብታወጣ 10 ክፍል ከስረናል፤ ምክንያቱም ገዢው የተላገውን ቴስታታ በዐይኑ አያየውም። ጥገና የሚከፍለው ለሚነዳው ሰው ነው እንጂ ለሚሸጠው ሰው አይደለም።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት 9 ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሚዛኑን የደፋው አንድ ነገር ነው፤ ጥገናው ባይሳካ የሚጠፋው ደንበኛ። ኪራይ ያለው ሰው መኪናው ቢበላሽ ሌላ ይጠራል፤ አጎቴ ግን አንዲት መኪና ብቻ ናት ያለቻቸው። ስለዚህ እንድትሸጥ ተወሰነ፤ ከዋጋውም ከፊሉ ለባለቤታቸው ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ እንዲሆን ታሰበ።

6. ሻጭና ገዢ

እዚህ ላይ ሒሳቡ አልቆ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ደላላው መኪናዪቱን አይቶ በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ለገዢ እንድናሳያትና ስለ ሙቀቱ አንዳች እንዳንናገር መከረ። እኔም፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ አሳቡ አልከፋኝም ነበር። «ጋሼ፣ ካልጠየቁዎት መናገር ግዴታ አለብዎት?» አልኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ለገዢው ብዬ ብቻ መሰለህ? ቁልፉን ካስረከብሁ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እንዳልደነግጥ ነው።»

ሕጉም ከአጎቴ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉድለቱን በተንኰል የደበቀ ሻጭ «ኀላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ እንኳ አያድነውም። ይኸው ሕግ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ሊብሬውን በገዢው ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ መኪና ማስረከብ፣ ብዙዎች ለአቋራጭ ሲሉ የሚያደርጉት ቢሆንም፣ አደገኛ ነገር ነው።

የኢኮኖሚክስ ትምህርትም በዚህ ላይ የሚለው አለ። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የአሮጌ መኪናን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አስረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎችም አንዱ ሆነ። አሳቡ ይህ ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢው ሁሉንም በመጠርጠር ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ በገበያው የሚቀሩት የከፉት ይሆናሉ። እንግዲህ እያንዳንዱ ዝምታ የሚጎዳው አንድ ገዢ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን ሻጭም ጭምር ነው።

አጎቴ ስለ ሙቀቱና ስለ ሦስቱ ጓርኒሲዮኖች ለመጡት ሁሉ ተናገሩ፤ ደብተሬንም አሳዩ። ሁለት ሰዎች ሰምተው ሄዱ። ሦስተኛው ጋራዥ ያለው ወጣት ነበር። ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ ሣቀ፤ «ምንም አልሆነችም፤ አልተላገችም እንጂ» አለ። የሰጠው ዋጋ ደላላው ካሰበው ጥቂት ብቻ ያነሰ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለእኛ 25 ክፍል የሚያስወጣው ጥገና ለእሱ የሁለት ቀን የራሱ ድካም ነው። ያችው መኪና በልዩ ልዩ ሰው እጅ ልዩ ልዩ ዋጋ አላት። ጉድለትን መናገር የሚያርቀው ጥገናውን በገንዘብ የሚገዛውን ሰው ነው፤ ጥገናውን በእጁ የሚሠራውን ግን ያቀርበዋል።

7. በሒሳቡ ያልገባው

ጽሑፌን እዚህ ላይ ብፈጽመው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን መኪናዪቱ ከተሸጠች ከሁለት ወር በኋላ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ የጎረቤት ልጅ የአጎቴን በር አንኳኳ፤ እኅቱ ምጥ ይዟት ነበር። ለካ ባለፉት ዐሥራ አራት ዓመታት በዚያ ሰፈር ሌሊት የታመመ፣ የወለደ፣ ለቅሶ የደረሰበት ሁሉ የሚያንኳኳው ያንን በር ኖሯል። በዚያ ሌሊት በስልክ የተጠራ ታክሲ ከብዙ ጥበቃ በኋላ መጣ፤ እናትና ልጅ ደኅና ናቸው። አጎቴ ግን እስኪነጋ አልተኙም።

እኔ በደብተሬ የጻፍሁት ደረሰኝ ያለውን ነገር ብቻ ነበር። ለዚያ በር መንኳኳት ደረሰኝ አልነበረውም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ውሳኔው ይለወጥ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በመንገድ መካከል የምትቆም መኪና ለምጥም አትታመንም። ቢሆንም ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ነገሩ ከጎረቤት ጋር መነጋገርን ይጠይቅ ነበር። አሁን የሰፈሩ ዕድር እንጀራውን ከሚያደርሰው ባለመኪና ጋር ስለ ሌሊት ጥሪ ተነጋግሮ ተስማምቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው በአጭሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። መኪና በቆመችበት ቀን አይወሰንባት። የአንድ ዓመቱ ብልሽት ይጻፍና የሚያልቀው ዕቃ፣ እየተመላለሰ የሚመጣው በሽታና የአካሉ ጉዳት ይለዩ። ያለፈው ወጪ ይቅር፤ የሚመጣው ዓመት ይመዘን። ጥሪቱና መጓጓዣው ለየብቻ ይታሰቡ። የምትሸጥ ከሆነ ጉድለቷ ይነገር፤ ሊብሬዋም ይዛወር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኪናዪቱ በቀንም በሌሊትም የምትሠራው ሥራ ሁሉ፣ ደረሰኝ ያለውም የሌለውም፣ በአንድ ገጽ ላይ ይስፈር።

ከጓደኞቼ መካከል ለምርምር ርእስ የሚፈልግ ቢኖር የሶማሌ ተራን የመለዋወጫ ንግድ እንዲያጠና አደራ እላለሁ።